ሚያዝያ ለዛንዚባር?
«ሙሽሮች ለጫጉላ ሽርሽር የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባርን በሚያዝያ ሂዱ፣ ይረክሳል» የተባለው እውነት ነው፤ ግን የሚረክሰው በዝናብ ምክንያት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው የዝናብ ወቅታቸው ስለሆነ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። እኛ ጎጃሞች ደግሞ የፋሲካ ጾም ሲፈታ፣ በዚያው በዝናባቸው ሰሞን ነው የሰርግ ድግስ የምንደግሰው! የጥር ሙሽሮች ግን ሂዱ፣ ደረቅ ነው። ማረፊያ ስትይዙ በሰሜን ያሉት ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ይሻላሉ። በምሥራቅ ዳርቻ ባለችው ፓጄ በኩል ባሕሩ ሲሸሽ ለመዋኘት ብዙ በእግር ያስኬዳል (ለፎቶ አይከፋም)። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም እንዳትረሱ፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ይጠየቃል። «ዛንዚባር ቀርቶ ለእኛ የጣና ሐይቁ ገዳም ክብራን ገብርኤል ይበቃናል» ያልከው ወንድሜ፣ እዚያ ደሴት ላይ ሴት አይገባም እኮ! ሚስትህን ጀልባ ላይ ልትተዋት ነው? እዚያው ጣና ዳር ዘጌ ያለችው ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውሰዳት፣ ለሁለታችሁም ክፍት ናት።