ገጹ ቦርዱ ውስጥ ይኑር ወይስ ሰርቨር ላይ?

ክርክሩ የተነሳው ከእንቁላል ማስፈልፈያ ነው። አንደኛዋ ተከራካሪ ደሴ ላይ ማስፈልፈያ እየሠራች የምትሸጥ ወጣት ቴክኒሻን ናት። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ላይ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ማስፈልፈያው በስልክ ብሮውዘር መታየትና መታዘዝ እንዳለበት ሁለቱም ይስማማሉ። የማይስማሙት ገጹ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። እሷ ማሽኑ ውስጥ ያለው ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ራሱ ያቅርበው ትላለች። እሳቸው ደግሞ ቦርዱ ልኬቱን ብቻ ይላክ፣ ገጹ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ሁልጊዜ በርቶ በኔትወርክ በሚገኝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሁን ይላሉ።

ቴክኒሻኗ፦

ጋሼ፣ እኔ ከገዢዎቼ ልጀምር። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ቤታቸው ራውተር የለም። ብር ሲኖር ፓኬጅ ይገዛሉ፣ ሲጠፋ ይተዉታል። ስለዚህ ቦርዱ የራሱን ዋይፋይ ይለቃል። ስልካቸውን ያገናኙና ብሮውዘሩ ላይ 192.168.4.1 ይጽፋሉ። ገጹ ይከፈታል። ካርድ የለ፣ ፓኬጅ የለ። ገጹ ላይ ያለው ሙቀቱ በትልቁ፣ ከሥሩ እርጥበቱ፣ ከዚያ «ቀን 14 ከ21» የሚል ነው። በቃ።

ለምን ትንሽ ስክሪን አትገጥሚም የሚሉኝ አሉ። እነዚያ ርካሽ ስክሪኖች የአማርኛ ፊደል አያውቁም። እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ በነጥብ እየሳሉ ማስገባት ነው። ስልኩ ግን ፊደሉን ይዞ ነው የመጣው። ገጹ አናት ላይ የፊደሉ ኮድ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን መጻፍ ብቻ ይበቃል። ያ ከተረሳ «ሙቀት» የሚለው ቃል የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 4 ሜጋባይት ፍላሽ (ቋሚ ማከማቻ) ላለው ቦርድ ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ሙቀቱን የሚጠብቀው ኮድ ደግሞ ከገጹ ጋር ጉዳይ የለውም። 37.5 ዲግሪ ላይ ይይዛል። ስልክ ኖረም አልኖረም ሥራውን ይሠራል።

መምህሩ፦

ልጄ፣ በመጨረሻው ነጥብሽ አልከራከርሽም። ሙቀት መቆጣጠሩ ቦርዱ ላይ ይሁን። እኔ የምልሽ ስለ መከታተሉ ነው። ያንቺን ገጽ ለማየት ማስፈልፈያው አጠገብ መቆም ያስፈልጋል። አጠገቡ ከቆምኩማ ቴርሞሜትሩን አነባለሁ! ሴትዮዋ ሰኞ ባቲ ገበያ ሄደች እንበል። ረፋድ ላይ የማሞቂያው አምፖል ተቃጠለ። ማን ይነግራታል? ገጽ እኮ ካልከፈቱት አይናገርም።

መክፈቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። ከዚያ አድራሻውን ብትጽፍ ባትጽፍ አይከፈትም። እናትየዋም ማሽኑ ተበላሸ ብላ ትደውልልሻለች።

ልኬቱን ወደ ሰርቨር ለመላክ ኤምኪውቲቲን፣ ማለትም መሣሪያዎች በሰርቨር በኩል አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበትን ደንብ፣ እኔ የምወደው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክ እና አርለን ኒፐር የነዳጅ ቧንቧ መስመርን በሳተላይት ለመከታተል የሠሩት ነው። የሳተላይት መስመር ውድና ቀጭን ነበር። እንደኛ አገር ኔትወርክ እንደልብ ለማይገኝበት ቦታ የታሰበ ነገር ማለት ነው። ቦርዱ ሰርቨሩን ሲያገኝ አስቀድሞ አንድ መልእክት በአደራ ያስቀምጣል፦ «ድምፄ ከጠፋ ይህን ንገሩልኝ።» ከዚያ በየ60 ሰከንዱ «አለሁ» እንዲል ታደርጊዋለሽ። የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ፣ 90 ሰከንድ ዝም ካለ፣ ሰርቨሩ መልእክቱን ያሰራጫል። መብራት ሄዶ ራውተሩም ቦርዱም ቢጠፉ መጥፋታቸው ይታወቃል። ያንቺ ቦርድ ሲጠፋ ግን ገጹም አብሮ ነው የሚጠፋው።

ቴክኒሻኗ፦

የመብራት መጥፋትና የኔትወርክ መጥፋት ለሰርቨሩ አንድ ናቸው፣ ጋሼ። ልዩነታቸውን አያውቅም። ኔትወርኩ ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሴትዮዋ ባቲ ላይ ሆና «ማስፈልፈያዎ ጠፍቷል» የሚል መልእክት በላይ በላዩ ሲደርሳት መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ ቀጥሎ ትሰለቻለች፣ ከዚያ ማንበቡንም ትተወዋለች። የእውነቱ የመጣ ቀን ሰሚ የለም። ይሄ ነው እኔን የሚያስፈራኝ፣ ወላሂ።

እኔ ትንሽ ባትሪ ያለው ባዘር እገጥማለሁ። መብራት ሲሄድ ይጮኻል። ቤት የቀረ ልጅ ይሰማና ማስፈልፈያው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ያደርጋል። በደሴ ብርድም ቢሆን ሳጥኑ ባንዴ አይቀዘቅዝም፤ እንቁላሉም አጭር ቅዝቃዜን ይችላል። ቶሎ የሚገድለው ሙቀት ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ ከቆየ ጫጩት የለም። ሙቀት የሚያልፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሪሌው፣ ማሞቂያውን በቦርዱ ትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ሲጣበቅ ነው። ያኔ ሰርቨሩ «አጥፋ» ቢል ሪሌው አይሰማም። መፍትሔው ከቦርዱ ጋር የማይገናኝ፣ ሙቀት ሲያልፍ ራሱ መስመሩን የሚቆርጥ ሁለተኛ ቴርሞስታት ማሞቂያው መስመር ላይ ማስገባት ነው። ኢንተርኔት እዚህ ጋ ምንም አይሠራም።

ስልኩ ዋይፋዩን ለቆ የሚሄደው ነገር እውነት ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፦ «ስልክዎ ሲጠይቅ ተገናኝቶ ይቆይ ይበሉ።» ማሽኑን ሳስረክብ ደግሞ ፊቴ አንዴ ራሳቸው እንዲከፍቱት አደርጋለሁ።

መምህሩ፦

አብሽሪ፣ ቴርሞስታቱን እኔም አስገባለሁ። ሪሌውን ካነሳሽ አይቀር ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሪሌው ተጣብቆ ገጹ ግን «ማሞቂያ፦ ጠፍቷል» ይላል። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል! ገጹ ያሳየው የተሰጠውን ትእዛዝ ነው፤ የሆነውን አይደለም። ተማሪዎቼ የሚሠሩት ገጽ ላይ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ሌላም አለ። ማብሪያ ማጥፊያውን ተራ ሊንክ ያደርጉታል። ስልኩ በማግስቱ ብሮውዘር ሲከፈት የትናንቱን ታብ ራሱ እንደገና ይጭነዋል። ታቡ ላይ የቀረው የማጥፊያው አድራሻ ከሆነ ማሞቂያው ማንም ሳይነካው ይጠፋል። ትእዛዝ በፖስት፣ ማለትም ገጽ ለመክፈት ሳይሆን መረጃ ለመላክ በተለየው የብሮውዘር ጥያቄ፣ ነው መላክ ያለበት። «ቀይር» ሳይሆን «አብራ» ወይም «አጥፋ» ተብሎ ለይቶ መታዘዝም አለበት።

ይህን ስህተት ሰርቨር ላይ አንዴ አርመሽ ለሁሉም ይደርሳል። ገጹ በየቦርዱ ከሆነ ግን ከሐይቅ እስከ ወልድያ በየቤቱ እየዞርሽ ነው የምታርሚው።

ጎን ለጎን ማየትም አለ። አምስት ማስፈልፈያ በአንድ ገጽ ሳይ የተሳሳተው ሴንሰር ከሌሎቹ ተለይቶ ይታወቀኛል። (ሴንሰር በፈላ ውሃ የምትፈትኑ ልጆች፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። 100 ነው ብላችሁ እንዳታስተካክሉ!) ታሪኩስ? 21 ቀን ጠብቃ እንቁላሉ ሳይፈለፈል ሲቀር ሙቀቱ በየትኛው ሌሊት እንደወረደ ማን ይነግራታል? በየደቂቃው ከተለካ 30,240 ልኬት ነው። ቦርዱ ያለው ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) 520 ኪሎባይት ነው፤ ዋይፋዩም ገጹም ከዚያው ይካፈሉታል።

ቴክኒሻኗ፦

በየደቂቃው ለምን? እንቁላል እኮ ነው። በየ5 ደቂቃው ልለካ፤ 6,048 ልኬት ይሆናል። ሙቀትና እርጥበት ለእያንዳንዳቸው 2 ባይት ልስጥ። ድምሩ 24 ኪሎባይት ገደማ ነው። ፍላሹ ላይ ይቀመጣል፣ መብራት ቢሄድም አይጠፋም። ግራፉን የሚስለው የስልኩ ብሮውዘር ነው፤ ቦርዱ ቁጥሩን ብቻ ይሰጣል። ሰዓት ከየት ታመጫለሽ እንዳይሉኝ፣ ገጹ ሲከፈት ከስልኩ እወስዳለሁ፤ የባትሪ ሰዓትም እገጥማለሁ። ያሳየውም በኛ አቆጣጠር ነው። «02:00» ብል እናትየዋ ሌላ ሰዓት ነው የምትረዳው፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይላታል።

በሊንኩ ነገር ትክክል ነዎት፤ የኔም በፖስት ነው። የሰርቨሩ ነገር ግን አሁንም አልዋጥ ብሎኛል። የት ነው የሚቀመጠው? ራስፕቤሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ሚሞሪ ካርዱ አደጋ ላይ ነው። ኪራይ ከሆነ ወሩን ማን ይከፍላል? እኔ ማሽን ሸጬ ነው የምለያቸው። ኪራዩን ያቆምኩ ቀን የሁሉም ገጽ በአንዴ ይዘጋል።

መምህሩ፦

ኪራዩ ለብዙ ቤት ሲካፈል ትንሽ ነው። ቢሆንም እንዲህ እናድርገው እንበል። ቦርዱ ገጹን ይያዝ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ደግሞ ለሰርቨሩም ይላክ። ሁለቱ ገጾች የተለያየ ቁጥር ሲያሳዩ የትኛውን ታምኛለሽ?

ቴክኒሻኗ፦

ቦርዱን። ሴንሰሩ ያለው እሱ ጋ ነው። ገዢዋ ከፈለገች ይላክ፣ አልከለክልም። ግን የሰርቨሩ ገጽ እያንዳንዱ ቁጥር ሥር «ከ12 ደቂቃ በፊት የተለካ» ብሎ ይጻፍልኝ። ኔትወርክ ከተቋረጠ ሦስት ሰዓት ሆኖት ገጹ አሁንም 37.5 እያለ የሚያረጋጋት ከሆነ፣ እኔ ያንን ማሽን በስሜ አልሸጥም።