ጎበዝ፣ ሳይንቲስት የሚኮነው በምኞት ነው እንዴ?

ኧረ ጎበዝ፣ እስከመቼ ነው ዝም ብለን የምንተያየው? አራት ኪሎ ያገኛችሁትን ተማሪ አስቁሙና ምን መሆን ትፈልጋለህ በሉት፣ ዶክተር፣ ሳይንቲስት፣ ኤሮስፔስ፣ ኤአይ ምናምን ይላችኋል፣ ደስ ይላል። እሺ በዚህ ሳምንት ምን ልታጠና ነው ስትሉት ግን ያፈጥባችኋል። "እያነበብኩ ነው"። ምን? "ሁሉንም"። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው እኮ!

ልጁን ብቻ አይደለም የምቆጣው። ወላጆች፣ መጀመሪያ እናንተን ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሳይደርስ "የኔ ዶክተር" ትሉታላችሁ፣ ከሌላችሁ ላይ ቀንሳችሁ ለአስጠኚ ትከፍላላችሁ፣ ግን አንድ ቀን ደብተሩን ገልጣችሁ "እስቲ ይቺን አስረዳኝ" ብላችሁት ታውቃላችሁ? እኛ አልተማርንም አትበሉኝ፣ ለማዳመጥ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ልጁ ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት ያቃተው ነገር አልገባውም ማለት ነው፣ አለቀ። ስትሪም ሲመረጥም እንደዛው፣ ናቹራል የጎበዝ ሶሻል የሰነፍ ብላችሁ ፈርዳችሁ ልጁ ምን እንደሚወድ እንኳ ሳትጠይቁ ታስገቡታላችሁ።

የመጣውን እኮ አይተናል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2015 ደግሞ 3.2። ሀገር ተንጫጫ፣ ፈተናው ከብዷል፣ መምህር የለም፣ ላብራቶሪ የለም ተባለ። እውነት አለው አልክድም፣ ስንት ትምህርት ቤት ነው የላብ እቃን በስዕል ብቻ የሚያሳየው። ግን ጩኸቱ ካለፈ በኋላ እኛ በበኩላችን ምን ቀየርን? ያው ሾርት ኖት፣ ያው የቴሌግራም ፒዲኤፍ። አንዳንዱ ስልኩ ላይ ያጠራቀመው ፒዲኤፍ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ያስንቃል፣ የተከፈተ ግን የለም።

አብርሆትን ካነሳሁ አይቀር፣ ገብታችሁ እዩ እስቲ። ወንበሩ ሙሉ ነው፣ ልብ ይሞላል። ጠጋ ስትሉ ግን አብዛኛው የያዘው ያለፉት አመታት ፈተና ነው፣ መልሱ ከስሩ የተጻፈበት። ጥያቄውን ያያል፣ መልሱን ያያል፣ "አዎ ልክ ነው" ብሎ ይገልጣል። ይሄ ገጽ መቁጠር እንጂ ማጥናት አይደለም።

ነገሩን በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አሲድና ቤዝ ላይ፣ የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን 0.001 ሞላር ከሆነ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ፣ ስንት ነው ሲባል ሁሉም 3 ይላል፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቦታ ቆጥሮ ነዋ። 0.002 አድርጉበትና እዩ። ጸጥ። አንዱ 6 ይላል፣ አንዱ 3.2 ይላል፣ አዮኑ ሲበዛ አሲዱ ይበረታል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከ3 መውረድ አለበት ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። መልሱ 2.7 ገደማ ነው፣ የ2 ሎጋሪዝም 0.3 መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከ3 ላይ ቀንሶ ይጨርሰዋል። ታዲያ እዚህ ልጅ ላይ የጎደለው ኬሚስትሪ ነው እንዴ? የ10ኛ ክፍል ሎጋሪዝም ነው! እሱ ግን ኬሚስትሪውን ሌሊት ሌሊት እየደጋገመ አይኑን ያጠፋል፣ በመጨረሻ "ለሳይንስ አልተፈጠርኩም" ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። እቅድ ማለት ወደ ኋላ ሄዶ ይሄን ቀዳዳ ማግኘት ነው። "ኬሚስትሪ አነባለሁ" እቅድ አይደለም። "እስከ ቅዳሜ የሎጋሪዝም ህጎችን እጨርሳለሁ፣ እሁድ የፒኤች ጥያቄዎችን መልስ ሳላይ እሰራለሁ፣ የሳትኩትን ከነምክንያቱ ለብቻ ደብተር ላይ እጽፋለሁ" ይሄ እቅድ ነው። ለሾርት ኖት ባለ ቀለም እስክሪብቶ የምትገዙ ሁሉ የስህተት ደብተር ያለው ስንታችሁ ናችሁ? እንግሊዝኛውም እንደዛው ነው፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሳለ ቋንቋውን ትቶ ባዮሎጂ መሸምደድ ምን የሚሉት ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። ሳይንስ የሚሰራ ሰው ስናገኝ የምንጠይቀው ደሞዙ ስንት ነው፣ ስኮላርሺፕ አለው ወይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስራ ስትገቢ መጀመሪያ ምንድነው የምትነኪው፣ ለዚህ ስራ የጠቀመሽ ትምህርት የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አምስት ኪሎ ሙዚየም የምንገባው ድንቅነሽ ጋ ፎቶ ለመነሳት ነው። ሰላም የተባለችውን የጥንት ህጻን ቅሪተ አካል ያገኙት ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ጂኦሎጂ የተማሩት እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ ሲያገኟት የ3.3 ሚሊዮን አመቷ ህጻን አብዛኛው አካሏ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቆ ነበር፣ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ቅንጣት በቅንጣት እያነሱ አመታት ፈጀባቸው፣ ለአለም ይፋ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሳይንቲስት እሆናለሁ የምትለው ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ስራ ላይ አመታት መቀመጥ ትችላለህ ወይ? መጀመሪያ እሱን ለራስህ መልስ፣ ጋዋኑ ይደርሳል።

ፕሮፌሰር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ደግሞ ካዳባ የተባለውን የጥንት የሰው ዘር ቅሪተ አካል ያገኙት፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ነው። በታሪክ! ሶሻል የሰነፍ ነው ያላችሁ ወላጆች ይቺን ያዙልኝ። ግን ደግሞ "እንግዲያው የደረሰኝን ልማር፣ በኋላ ይስተካከላል" እንዳትሉ፣ ከአጥንት ጋር ለመስራት ባዮሎጂ ያስፈልጋል፣ በርክሌይ ሄደው እስከ ዶክትሬት ተምረውታል። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ አዩ፣ ያንን ወንዝ ስንት ሰው አይቶታል፣ እሳቸው ግን ቢልሃርዚያን የሚያሰራጨው ቀንድ አውጣው መሆኑን ተምረው ስለሄዱ ነው እንዶዱ በሽታውን ለመከላከል እንደሚጠቅም የታያቸው።

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁትም አልተረፋችሁም። ፍሬሽማን የእረፍት አመት የመሰላችሁ፣ ዲፓርትመንት የሚመደበው እኮ በጂፒኤ ነው፣ ጊቢ ተዋወቅን እያላችሁ አመቱን በልታችሁ ያልፈለጋችሁት ሲደርሳችሁ ሬጅስትራር በር ላይ ማልቀስ የለም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተና አለ፣ እሱን አራተኛ አመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ትዝ የሚለው ብዙ ነው።

እናንተ ያለፋችሁት ደግሞ፣ አራት ኪሎም ስድስት ኪሎም ላብ ውስጥ ያላችሁ፣ ማስተርስ የያዛችሁ፣ ጥቁር አንበሳ የምትሰሩ። የሰፈር ልጅ መጥቶ ሲጠይቃችሁ "መጀመሪያ ውጤት አምጣ" ብላችሁ አትሸኙት። የአንደኛ አመት ኮርስ አውትላይናችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ የትኛው ኮርስ ላይ እንደተቸገራችሁና ለምን እንደሆነ ከስሩ ጻፉለት፣ በቴሌግራም አምስት ደቂቃ አይፈጅም።