ሉጎሲ «ድራኩላ»ን ሲሠራ እንግሊዝኛ ያውቅ ነበር

ቤላ ሉጎሲ እ.ኤ.አ. በ1931 በወጣው «ድራኩላ» ፊልም ላይ እንግሊዝኛ ሳይችል ንግግሩን በድምፅ ብቻ ሸምድዶ እንደ ተወነ የሚነገረው ወሬ፣ ብዙዎች የሚደጋግሙት ቢሆንም እርማት ያስፈልገዋል። ወሬው ፈጽሞ መነሻ የለውም አይባልም፤ በ1882 በሀንጋሪ ግዛት የተወለደው ይህ ተዋናይ በ1922 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቲያትር ሲሠራ ቃላቱን በእርግጥም በድምፃቸው ነበር ያጠናቸው። ፊልሙ በ1930 ሲቀረጽ ግን አሜሪካ ከገባ አሥር ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ የደም መጣጩን የድራኩላን ገጸ ባሕርይም ከ1927 ጀምሮ በኒውዮርኩ የብሮድዌይ ቲያትር መድረክ ደጋግሞ ተጫውቶታል። ቃላቱን እየጎተተ፣ በመካከላቸው ረጅም ዕረፍት እየሰጠ መናገሩ (ለወሬው መስፋፋት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል) ቋንቋውን አለማወቁን አያሳይም። የሀንጋሪ ቅላፄው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም፤ ሆሊውድ ከአስፈሪ ገጸ ባሕርያት ውጭ እምብዛም ያላሠራውም በዚሁ ሳቢያ ጭምር ነው።