አረንጓዴ የተቀባው ሕንፃ ይመስገን

በጣና ዳር ሕንፃ ለሚያቆሙ ባለሀብቶቻችንና ለአማካሪዎቻቸው ዕድሜ ይስጥልን! ኃይልና ውሃ ቆጣቢ ቢሮ እንዴት ይሠራል እያልን ስንጨነቅ፣ እነርሱ በጥቂት ጋሎን አረንጓዴ ቀለምና በበሩ ላይ በተንጠለጠለ የፕላስቲክ ሐረግ ገላገሉን።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የምዕራቡን ፊት ነው። ፀሐይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትገባ፣ የሕንፃው ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር ይላሉ የተማሩት። ለባሕር ዳር ሰው ሰሜን ማለት ሐይቁ ነው፤ የከሰዓቱ ነፋሻ አየርም ከዚያው ይመጣል። ታዲያ ነፋስ ደረሰኝ አይቆርጥ፣ ማን ያከብረዋል? የእኛ ሕንፃ ምዕራቡን ከእግር እስከ ራሱ መስታወት አልብሶ፣ መስኮቱን እንዳይከፈት አድርጎ፣ ቅዝቃዜን በገንዘቡ ይገዛል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራተኛ ፎቅ ውጡና እዩ። ፀሐይ በመስታወቱ ስለገባች መጋረጃው ተዘግቷል፤ መጋረጃው ስለተዘጋ መብራት በርቷል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ይንጫጫል። መጋረጃው ያልደረሰበትን ጥግ የሒሳብ ሠራተኛዋ በኮምፒውተር ካርቶን ሸፍናዋለች። «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚለው ቀስት ወደ መሬት ያመለክታል፤ ማንም አላስተካከለውም።

የውሃውማ ነገር! በከተማችን በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት አንድ ሊትር ነው፤ 500 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ሰው እንግዲህ 700,000 ሊትር ይቆጠርለታል። ባለሕንፃዎቻችን ግን ስስታም አይደሉም፤ አሸንዳውን ቀጥታ ወደ አስፋልቱ ለቀው ለእግረኛው ይመጸውታሉ። ሽንት ቤት ውስጥ በርሜልና ጆግ ይጠብቃችኋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት በአምስት ፎቅ ሲገነባ ያየነው እኛ ነን።

ሙቀቱ ሲጠና ሥራ አስኪያጁ ስብሰባውን ጓሮ ካለችው ዋርካ ሥር ያደርጉታል፤ ከጥበቃው አግዳሚ ወንበር ላይ። ጥላው ሰፊ ነው፣ አየሩም ለውይይት ይመቻል፤ አጀንዳው ሳይንዛዛ አለቀ። በሙሉ ድምፅ የጸደቀው ዋርካዋ ተቆርጣ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ እንዲውል ነው። ዙሪያውን የፕላስቲክ ሣር ይነጠፍበታል።