አፍ በመጨረሻ

ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጥርስ ሐኪም ቤት ተደወለልኝ። ሴትዮዋ ለስለስ ባለ ድምፅ «ወ ዘኸን ደ አፍስፕራክ ፋን ሞርኸን…» ስትል፣ «አፍስፕራክ» ቀጠሮ፣ «ሞርኸን» ደግሞ ነገ መሆኑን አውቃለሁና «ያ፣ ያ፣ ዳንክ ኡ ዌል» ብዬ አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ ጥርሴን ሦስት ጊዜ ቦርሼ፣ ዝናብና ነፋስ እየተፈራረቁብኝ በብስክሌት ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል።

ያመለጠችኝ አንዲት ቃል ናት፦ «አፍ»። በደችኛ፣ በሆላንዶች ቋንቋ፣ «ዘኸን» መናገር ነው፤ «አፍዘኸን» ግን መሰረዝ። ግሡን ለሁለት ይገምሱትና አካሉን ወደ ፊት፣ «አፍ»ን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይልኩታል። ሴትዮዋ የነገው ቀጠሮ መሰረዙን ልትነግረኝ ኖሯል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሲባል እየሰማሁ ብድግም፣ አፍ በትክክል ያመለጠኝ እዚህ ነው።

የሚያሳፍረው ደግሞ ፍርዱን መጨረሻ ላይ መጠበቅ ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። «ያን ገንዘብ ነገ ጠዋት ከባንክ አውጥቼ፣ እጅህ ላይ ቆጥሬ…» ሲባል ተበዳሪው ፊቱ ይፈካል፤ «አልሰጥህም» የምትለዋ ገና በመንገድ ላይ ናት። ይህን እያወቅን ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «እሺ፣ እሺ» የምንለው ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዋናው ችግሬ ግን ወንበሩ ነበር። እኛ ድግስ ላይ «ኧረ እዚህ ይቀመጡ»፣ «ኧረ ግድ የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል» ስንባባል ወጡ ይቀዘቅዛል። በደችኛ ዋና ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለተኛው ወንበር የግሡ ነው፤ ልመናም ክርክርም የለም። «ኢክ ኮም ሞርኸን» ብትሉ፣ እኔ እመጣለሁ ነገ ነው። «ነገ» ቀድሞ ከገባ ግን «እኔ» ተነሥቶ ከግሡ ጀርባ ይቀመጣል፤ «ሞርኸን ኮም ኢክ»። እኔ ለወራት «ሞርኸን ኢክ ኮም» ስል፣ በፈቃደኝነት የሚያስተምሩን ጡረተኛ መምህርት ሁለት ጣታቸውን ያነሡብኝ ነበር። መጀመሪያ ከቡናው ጋር ሁለት ብስኩት ሊሰጡኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የብስኩቱ ቆርቆሮ ግን አንድ አንድ ካደለ በኋላ እንደተለመደው ተከድኗል።

ከዚያ «ኦምዳት» መጣች። እሷ ከገባች ግሡ ወንበሩን ለቆ ወደ መጨረሻው ይሄዳል። «ኦምዳት ኢክ ናር ዩትሬኽት ኻ» ማለት፣ ቃል በቃል ቢደረደር፣ «ስለ፣ እኔ፣ ወደ ዩትሬክት፣ እሄዳለሁ» ነው። ወደ ዩትሬክት ስለምሄድ! አጠገቤ የሚቀመጠው ስፔናዊ ተማሪ ላቡን ሲጠርግ እኔ እናቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ። «ዋንት» የምትባለው እህቷ ግን ልክ እንደ «ምክንያቱም» ናት፤ ግሡን ከወንበሩ አታነሣውም። እኔም «ዋንት»ን ጥዬ ነገሩን ሁሉ በ«ኦምዳት» ማሰር ጀመርኩ። አንድ ቀን ለምን እንደዘገየሁ ስጠየቅ ትራሙ ስለተበላሸ መሆኑን በ«ኦምዳት» አስረዳሁ። መምህርቷ «ግሡ ቦታውን ይዟል» አሉና በመስኮት የሚያልፈውን ትራም አሳዩኝ።

ሁለት ግሦች መጨረሻ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። «ስላየሁ» ለማለት ግሦቹ «ሄፕ ኸዚን» ይሁኑ ወይስ «ኸዚን ሄፕ»? ሁለቱም ትክክል ነው። የቋንቋ ሊቃውንቱ የመጀመሪያውን ቀይ፣ ሁለተኛውን አረንጓዴ ቅደም ተከተል ይሉታል። በዚህ አገር ቀይ አልፌ ያልተቀጣሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ስልክ ሲደወልልኝ እስከ መጨረሻዋ ቃል ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ልማዱ ግን አማርኛዬም ውስጥ ገባ። ባለፈው እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ያ ለገና ቅርጫ አብረን ልንገባ የተስማማነው ጎረቤታችን፣ እዚያ ታች ያለው፣ በሬውን…» አለችና የእኔን «እሺ» ለመስማት ቆም አለች። ገዛው? ሸጠው? ጠፋበት? ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።

«ምነው ልጄ፣ አፍህን ምን ያዘው?» አለችኝ።

«መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እማዬ» አልኳት።