እግሩ አልጋ ስር ነው፣ ሰውየው ግን ሰነፍ አይደለም

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ በነበረው የሰው ሠራሽ እግርና የክራንች ርክክብ ላይ የተባለውን ሰምታችኋል፣ ቪዲዮው በየስልኩ ዞሯል። ስሙን አልጠራም፣ ጠርቼ አላስተዋውቀውም። አነቃቂ ተብሎ የተጋበዘው ሰውዬ ማይኩን ጨበጠና "የእናንተ ችግር እግር ማጣት አይደለም፣ ዛሬ ነገ ማለት ነው፣ እግር ተሰርቶላቸው አልጋ ስር ወርውረውት የሚተኙ አሉ" አለ። ተጨበጨበ። ከሱ ቀጥሎ የተነሳው ኃላፊ ደሞ ጭብጨባው ሞቅ ሳያደርገው አልቀረም፣ ከእንግዲህ በ3 ወር ውስጥ ለክትትል ያልመጣ ከዝርዝር ይሰረዛል፣ ተራው ለሌላ ይሰጣል ብሎ ቁጭ አለ።

አልጋ ስር የወረወርኩት እኔ ነኝ። አራት ወር ሙሉ። ስለዚህ ስለኔ ከተወራ እኔም ላውራ።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ 3 ዓመት ሊሞላ ነው። ባጃጅ ነው፣ ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ልለፈው፣ ጅማ ውስጥ በዝናብ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ቀሪውን ይገምታል።

መጀመሪያ ግን ከንግግሩ ሁሉ ደሜን ያፈላችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ልምጣ። "ዛሬ ፕሮግራሙ ላይ እንኳ በሰዓቱ አልተገኙም" አለ፣ ፈገግ ብሎ። ወንድሜ፣ አዳራሹ እኮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው! ሊፍት የለውም። 38 ደረጃ አለው፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ደረጃ የሚቆጥረው መቼም አንድ ባንድ የሚወጣ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት ዘንቦ ነበር፣ ሴራሚኩ ረጥቧል፣ የክራንቹ ላስቲክ የተበላበት ሰው እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፊቴ የነበሩት አባት ከአጋሮ ሌሊት ተነስተው ነው የመጡት፣ በቂጣቸው እየተቀመጡ ነው ደረጃውን የጨረሱት፣ ነጠላቸውን በጭቃ ለውሰው። እሳቸው ናቸው እንግዲህ የዘገዩት። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መንቀሳቀሻ ይኑረው ካለ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ 568/2000 ደሞ ከሱም ይቀድማል፣ አሠሪው የሥራ ቦታውን ያመቻች ይላል። ዛሬ ነገ ማለት ላይ ስብከት መስጠት ካማረው ማይኩን ወደዚያ ያዙርልን።

"እኔ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ስታዲየም ሄጄ እሮጣለሁ" የምትለዋም ነበረች። በሁለት እግሩ። በዚች ላይ ጊዜ አላጠፋም።

አሁን ወደ አልጋው ስር እንመለስ። ሰው ሠራሽ እግር ሊሠራላችሁ ስትሄዱ የራሳችሁን ጫማ ይዛችሁ ኑ ትባላላችሁ፣ ምክንያቱም እግሩ የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ቁመት ነው። ስለዚህ እኔ አልጋ ስር ያለው እቃ ብቻ አልነበረም፣ የኔን ጥቁር ጫማ አድርጎ፣ የኔን ካልሲ ለብሶ የቆመ እግር ነው። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ጎንበስ ስል የማየው እሱን ነው። ነገ አደርገዋለሁ እላለሁ። ነገ ዝናብ ይሆናል። ከነገ ወዲያ ቁስሉ ትንሽ ያሳክካል። ሰኞ እጀምራለሁ። ሰኞ ደሞ የሰው ለቅሶ። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ወር ሄደ፣ እና እመኑኝ በነዚያ አራት ወራት አንድም ቀን ተመችቶኝ አልተኛሁም፣ ሰነፍ ሰው ቢያንስ እንቅልፉን ያጣጥማል።

ምን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። እግሩ አልጋ ስር እስካለ ድረስ እኔ ታሞ እየተሻለው ያለ ሰው ነኝ፣ ነገ ዛሬ እነሳለሁ። ያደረግኩት ቀን ግን አበቃ፣ ያ የበፊቱ እግር እንደማይመለስ በገዛ እጄ ፈረምኩ ማለት ነው። እያሸሸሁት የነበረው ያንን ፊርማ ነው እንጂ 10 ደቂቃ የማይፈጅ የማሰር ሥራ አይደለም። ይሄን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው፣ ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የሚባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች በ2013 እንደ ፈረንጆቹ ይህንኑ ነው የጻፉት፣ ሰው ሥራ የሚያቆየው ሰዓት መጠቀም ስለማይችል ሳይሆን ሥራው ከሚያመጣበት ክፉ ስሜት ለጊዜው ለማምለጥ ነው፣ ያሁኑን ስሜቱን ያስተካክላል፣ ዕዳውን ለነገው ራሱ ያስተላልፋል። ታዲያ በስሜት የሸሸን ሰው ሕዝብ ፊት ሰነፍ ብሎ ማዋረድ ምን ይጨምርለታል? ሌላ የሚሸሸው ስሜት! ከሰውየው ንግግር በኋላ አንድም ሰው ቤቱ ሄዶ እግሩን አላሰረም ብዬ ለመወራረድ ዝግጁ ነኝ፣ ማስረጃ የለኝም፣ ግን እወራረዳለሁ።

ደሞ እግሩ ብቻውን አይደለም የሚቆየው፣ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል። ባንክ መሄድ እግሩን ካደረግኩ በኋላ። መታወቂያ ማሳደስ እግሩን ካደረግኩ በኋላ። ጓደኛዬ ሲደውል አላነሳም፣ እግሩን ሳደርግ ራሴ ሄጄ አስደንቀዋለሁ እላለሁ። ያላረምኩት የተማሪ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አቧራ ጠጣ፣ እሱን ለማረም እግር እንደማያስፈልግ አውቃለሁ እኮ፣ ግን እሱም ሰልፍ ገባ። ከውጭ ለሚያየው ይሄ ሰው በቃ ተኝቷል። ከውስጥ ግን አንድ በር ነው የተዘጋው፣ ሌላው ሁሉ በሱ ነው የሚያልፈው።

ሌሊቱን ደሞ እዩት። የሌለው አውራ ጣቴ ያሳክከኛል። የሌለ ነገር እንዴት ይታከካል? ዊር ሚቼል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ለዚህ ስሜት ስም ከሰጠው ከፈረንጆቹ 1871 ጀምሮ ብዙ ተጽፎበታል፣ ራማቻንድራን የሚባለው የአእምሮ ተመራማሪ ደሞ በ1990ዎቹ ደህናውን አካል በመስታወት እያሳዩ አእምሮን ማታለልን አመጣ፣ እኔም የእህቴን የፀጉር መስታወት ተውሼ ሞክሬዋለሁ፣ አንዳንድ ሌሊት ረድቶኛል፣ አንዳንድ ሌሊት ራሴን ብቻ አሳቀኝ። ሌሊት ሙሉ ከሌለ ጣት ጋር ሲታገል ያደረን ሰው 11 ሰዓት ተነስ ማለት እንግዲህ የአነቃቂዎች ፀጋ ነው። ሲነሳም መንገዱ ለሱ ሌላ ነው። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ለዚያችው መንገድ ሩብ ያህል የበለጠ ጉልበት ያወጣል፣ ከጉልበት በላይ ከሆነ ከግማሽ በላይ ይጨምርበታል። እናንተ እዚህ ጅማ ከመርካቶ እስከ አጂፕ የምትሄዱትን መንገድ እሱ ሸክም ተሸክሞ እንደሚሄድ አድርጋችሁ አስቡት፣ ከዚያ በክረምት ጭቃ አድርጉት።

ሰው አይዞህ ይላል። በኦሮምኛም "ጀባዹ" ይባላል፣ በርታ ማለት ነው፣ እኔ በሁለቱም ቋንቋ ሰልችቶኛል። አንዷ ጎረቤታችን ደሞ ልትጠይቀኝ መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል"። አፏን ይዛ ደነገጠች፣ እኔ ግን ከአደጋው በኋላ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። የሰፈር ልጆች በሁለት ክራንችና ባንድ እግር ስመጣ "በርጩማ መጣ" ይሉኝ ነበር፣ ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ማለታቸው ነው፣ እሱም አላስከፋኝም፣ እነሱ ቢያንስ አልሰበኩኝም።

ለሚያባብሉትም ግን አንድ ነገር አለኝ። "ተዉት ይረፍ፣ ምን አስቸኮለው" የሚሉት ከአነቃቂው የተሻሉ አይደሉም። በዚህ ጉዳይ ላይ ነገ ሰውነት ላይ ዋጋ አለው። እናቴ በፍቅር ብዛት ጉልበቴ ስር ትራስ ታደርግልኝ ነበር፣ ይመቻል፣ እና ጉልበቱ እንደታጠፈ መድረቅ ጀመረ፣ ፊዚዮዋ፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ፣ አይታ ትራሱን ወረወረችው። ከዚያ በኋላ በሆድህ ተኛ፣ ጉልበትህን ዘርጋ፣ በቀን በቀን። የተገታ መገጣጠሚያ በኋላ ጥሩ እግር ቢሠራለትም አይገባለትም። ስለዚህ ዛሬ ነገ ማለት ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ያቆየኋቸው አራት ወራት አስከፍለውኛል፣ የምለው ስድብ አያሳጥራቸውም ነው።

ያሳጠራቸው ቡና ነው። የጅማ ሰው ሆኜ ሌላ ብል ይታዘቡኛል። አንድ ቀን እናቴ ቡና እየቆላች "አቦል እስኪፈላ ድረስ ብቻ አድርገውና አውልቀው፣ መራመድ የለም" አለችኝ። ብቻ! መራመድ የለም፣ መውጣት የለም፣ ሰው አያይም። አደረግኩት። ጀበናው ሲወርድ አወለቅኩት፣ ቆዳዬን አየሁ፣ ትንሽ ቀልቷል፣ ሲኒው ሳያልቅ ጠፋ። በማግስቱ እስከ ቶና። በሳምንቱ እስከ በረካ። ከዚያ እኔ ራሴ ሲኒ ላመላልስ ብዬ ተነሳሁ፣ አንዱን ሰበርኩት፣ ማንም አልተቆጣኝም። ባለሙያዎቹም የሚሉት ይሄንኑ ነው ለካ፣ በአጭር ሰዓት ጀምር፣ ባወለቅክ ቁጥር ቆዳህን እይ፣ ቅላቱ ቶሎ ካልጠፋ አትጨክን፣ ሄደህ አሳይ። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባለው ተመራማሪም በፈረንጆቹ 1999 የጻፈው እዚሁ ነው የሚገባው፣ "አደርገዋለሁ" ከማለት "ይሄ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ" ብሎ መቁረጥ ይሻላል፣ ለኔ "ይሄ" የከሰሉ ሽታ ሆነ። እስከ ዛሬ ቡና ሲቆላ እጄ ወደ አልጋው ስር ይሄዳል።

አንድ ሌላ ነገር ልናዘዝ፣ ይሄን ያህል ያናደደኝ ሰውየው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ አስተማሪ ነኝ። ከአደጋው በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ አጥብቆ አስሮበት፣ ደም አልዘዋወር ብሎ ቀኝ እጁ የተቆረጠ። ትምህርት ሲመለስ ደብተር አያስረክብም፣ ነገ አመጣለሁ ነው መልሱ። በግራ መጻፍ እየተለማመደ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ የሚመስለውን ጽሑፉን ሊያሳየኝ አፍሮ ኖሯል። እኔ ክፍል ፊት አቁሜ "እጅ አጣህ እንጂ አእምሮ አላጣህም፣ ሰነፍ" አልኩት። ክፍሉ ዝም አለ፣ እኔ ያነቃቃሁት መሰለኝ። በሳምንቱ መምጣት አቆመ። ስለዚህ ያንን ማይክ የጨበጠ ሰው በደንብ አውቀዋለሁ፣ ድምፁ የኔ ነው። በካናዳ በፈረንጆቹ 2010 የወጣ አንድ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናት ያቆዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውስጥ ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለቀጣዩ ፈተና ያነሰ እንዳቆዩ አሳይቷል። እኔ ለዚያ ልጅ ይቅርታውን ቀምቼ ስድቡን ነው የሰጠሁት።

የ3 ወሩን ውሳኔ ደሞ እስቲ ከሰውነት ጋር አስተያዩት። በመጀመሪያው ዓመት የተቆረጠው ቦታ እብጠቱ እየወረደ ይቀንሳል፣ ሶኬቱ፣ ማለትም የተቆረጠው ቦታ የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግሩ ጎድጓዳ፣ ይሰፋል፣ ክፍተቱን ለመሙላት የተቆረጠው ቦታ ላይ ካልሲ ትደርባላችሁ፣ ሲብስ ይላልጣል፣ ያማል፣ ያመመው ሰው አውልቆ አልጋ ስር ያደርገዋል። ማለትም ሳይመጣ የሚቀረው በአብዛኛው ክትትሉ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው፣ እና እሱን ነው የሚሰርዙት! ከጌራ፣ ከሊሙ፣ ከደዶ የሚመጣ ገበሬስ? ቀጠሮው የቡና ለቀማ ላይ ቢወድቅበት የዓመት ገቢውን ጥሎ ይመጣል? የሚኒባሱን ደረጃ ማን ያወጣዋል? ከመሰረዝ ስልክ መደወል ይቀላል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ "ሶኬቱ ላላ ወይ?" ብሎ ይደውል፣ በቃ፣ የካርድ ሂሳብ ነው።

እሺ፣ አንድ ነገር ልመንለት፣ ከኛ ውስጥም ሰነፍ አለ። እኔ ሁለት እግር እያለኝም ወረቀት ማረም አቆይ ነበር፣ ያንን እግሬ ላይ አላላክክም።

ይሄን የምጽፈው ሦስት ካልሲ ደርቤ ነው፣ ሶኬቴ እንደገና ላልቷል። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ያለፈውም ሐሙስ ነበር።