መለኪያ የሌለው ገባር በአንድ ቁጥር አይታለፍ

የተፋሰስ ሞዴል (በአንድ ወንዝና ወደ እሱ በሚገቡት ወንዞች ያለውን ውሃ የሚያሰላ ፕሮግራም) የሠራ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። በዋናው ወንዝ ላይ የፍሰት መለኪያ ጣቢያ አለ። አብዛኞቹ ገባሮች፣ ማለትም ወደ እሱ የሚፈሱት ትናንሽ ወንዞች፣ ግን የላቸውም። ሞዴሉ ደግሞ ለእያንዳንዱ ገባር ቁጥር ይፈልጋል።

ብዙ ጊዜ መፍትሔው የስፋት ንጽጽር ነው። ጣቢያ ያለው ጎረቤት ወንዝ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ያመነጫል እንበል። ለ100 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ገባር 2.5 ይሰጠዋል፤ አለቀ። ዝናቡና መሬቱ ከተቀራረበ ለዓመታዊ አማካይ ያገለግላል።

ጣጣው የሚመጣው በደረቁ ወራት ነው። ዝናብ ሲቆም ወንዙን የሚያቆየው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እሱን በዋናነት የሚወስኑት ደግሞ ዓለቱና አፈሩ ናቸው። ውሃ የሚያሰርግ ዓለት ላይ ያለ ገባር ዓመቱን ሙሉ ሲፈስ፣ ሸክላ አፈር ላይ ያለው ጎረቤቱ ሊደርቅ ይችላል። ስፋታቸው እኩል ከሆነ ግን በስፋት ስሌት ሁለቱም እኩል ውሃ አላቸው! የውሃ ክፍፍል ጭቅጭቅ የሚበረታውም በእነዚሁ ወራት ነው።

የተፈጥሮ ፍሰት (ሰው ባይጠልፈውና ባይገድበው ኖሮ የሚፈሰውን) የምንፈልግ ከሆነ ደግሞ የጎረቤቱ ጣቢያ ንባብ እንዳለ አይወሰድም። ከላይ ለመስኖ የተጠለፈው ይደመራል፣ ከማሳ ተመልሶ የገባው ይቀነሳል፣ ግድብ ያጠራቀመውና በትነት የሄደውም ይታሰባል። ይህ ካልተደረገ የአንዱን ወንዝ ጠለፋ ወደ ሌላው እንገለብጣለን።

የገባሮቹን ውሃ ከታችኛው ጣቢያ የላይኛውን ቀንሶ ማግኘት ይቻላል የሚሉ አሉ። ግን በትልቅ ወንዝ ላይ የ5 በመቶ የመለኪያ ስህተት ከአንድ ትንሽ ገባር ሙሉ ፍሰት ሊበልጥ ይችላል።

ዓለም አቀፉ የሃይድሮሎጂ ሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ድረስ አሥር ዓመት ለዚሁ፣ መለኪያ የሌለውን ወንዝ ፍሰት እንዴት እንገምት ለሚለው ጥያቄ ሰጥቷል። ለሁሉም ቦታ የሚሆን ቀመር ግን አልተገኘም።

ስለዚህ መገመታችን አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ግምቱ ሞዴል ውስጥ ከገባ በኋላ የተለካ መስሎ መታየቱ ነው። ዘዴውን መፈተን እኮ ይቻላል፦ ጣቢያ ያለውን ወንዝ እንደሌለው ቆጥሮ መገመት፣ ከዚያ ከእውነተኛው ንባብ ጋር ማስተያየት። በደረቁ ወራትም ገባሩ ድረስ ሄዶ ጥቂት ጊዜ መለካት ብዙ ያስተካክላል። የቀረውን ስህተት ደግሞ በግልጽ እንጻፈው። ፈተናው የገባሩ ፍሰት በሰከንድ ከ1 እስከ 4 ሜትር ኩብ ሊሆን እንደሚችል ካሳየ ሪፖርቱ 2.5 ብቻ አይበል። የውሃ ፈቃድ የሚሰጠውም አካል 1 ቢሆን ማን ውሃ እንደሚያጣ አይቶ ይፈርም።